ያውቁ ኖሯል? ለሦስት ደቂቃ ጨለማ ካርቱም ድረስ የመጣው የፀሐይ ሊቅ

ጥቁር አባይና ነጭ አባይ በሚገናኙባት ከተማ በ1944 ዓ.ም. አንድ ረፋድ ላይ ቀኑ ጨለመ። ያን ጨለማ ሊያዩ ባሕር አቋርጠው ከመጡት መካከል በርናር ሊዮ የተባለ ፈረንሳዊ የፀሐይ ሊቅ ይገኝበታል። ስለ እሱ፣ ስለ ፀሐይና ስለ ካርቱም እነሆ! «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ያ ሰኞ በካርቱም

• ካርቱም ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ የተጋረደችው ሰኞ የካቲት 17 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1952 መሆኑ ነው። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ10 ገደማ ነበር።

• ጨለማው እጅግ በቆየበት ስፍራ የዘለቀው 3 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ ብቻ ነው። የግርዶሹ ከፍተኛ ነጥብ ያረፈው ደግሞ ከካርቱም ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ምሥራቅ ጠጋ ብሎ ነበር።

• የጨረቃ ጥላ የጠረገው መንገድ ስፋቱ 138 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወሰን የወጣ ሰው የሚያየው ከፊል ግርዶሽ ነው። ኢትዮጵያም ከወሰኑ ውጭ ስለነበረች የደረሳት ከፊሉ ነው።

• ጥላው አፍሪካን አቋርጦ ከሱዳን ወደ ዐረቢያ ተሻገረ፤ ከዚያም ኢራቅንና ኢራንን አልፎ ሶቪየት ኅብረት ዘለቀ።

• ካርቱም ለምን ተመረጠች? ፌብሩዋሪ በሱዳን ደረቅ ወቅት ነው፤ ደመና እምብዛም አይታይም። ከተማዋ የባቡር ጣቢያም የአውሮፕላን ማረፊያም ስለነበራት፣ በከባድ ሣጥን የታሸገ መሣሪያ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ምቹ ነበረች።

• ሱዳን ያኔ በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ሥር ነበረች። ነፃነቷን ያወጀችው ግርዶሹ ካለፈ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነው።

ሰውየው ማን ነበር?

• በርናር ሊዮ ፓሪስ ውስጥ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1897 ተወለደ። ስለዚህ 55 ዓመት የሞላው የካርቱሙ ግርዶሽ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው።

• የተማረው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። ትምህርቱን በ1918 ጨርሶ፣ ከ1920 ጀምሮ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሞዶን ኦብዘርቫቶሪ ተቀጠረ።

• ስሙ የገነነው መጀመሪያ በፀሐይ አይደለም። ከጨረቃና ከፕላኔቶች የሚንጸባረቀው ብርሃን ሞገዱ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያደላ የሚለካ እጅግ ስሱ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ሳይንሱ ይህን የብርሃን ጠባይ ፖላራይዜሽን ይለዋል።

• ሊዮ በዚህ መሣሪያ የጨረቃን ብርሃን ከምድር ናሙናዎች ጋር አስተያይቶ፣ የጨረቃ ገጽ የእሳተ ገሞራ ዐመድ በሚመስል ትቢያ የተሸፈነ ነው አለ። ሰው ጨረቃን ረግጦ ትቢያዋን በእጁ የዘገነው ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1969 ነው።

• ማርስ ላይ የአሸዋ ማዕበል እንደሚነሣም በዚሁ ዘዴ አመልክቷል።

• ቬነስን የጋረደው ደመና ከምን እንደተሠራ የታወቀውም በእሱ ዘዴ ነው። በ1970ዎቹ ሳይንቲስቶች ከቬነስ የሚመጣውን ብርሃን ፖላራይዜሽን በስሌት ሲመረምሩ፣ ደመናው የሰልፈሪክ አሲድ ጤዛ መሆኑ ተገለጠ።

• ሽልማቶቹ በወፍራሙ ሲቆጠሩ እነዚህ ናቸው፦ በ1939 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ፣ በ1947 የብሩስ ሜዳሊያ፣ በ1951 የሄንሪ ድሬፐር ሜዳሊያ። የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አባል የሆነውም በ1939 ነው።

የማይታየውን ማየት

• ፀሐይን የከበበው ስስ ጋዝ አክሊል ወይም ኮሮና ይባላል። ብርሃኑ ከፀሐይ ገጽ ብርሃን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ስለሆነ፣ በአዘቦት ቀን ሰማያዊው ሰማይ ውጦ ያስቀረዋል።

• በዚህ ምክንያት ሳይንቲስቶች ለረጅም ዘመን አክሊሉን የሚያጠኑት ሙሉ ግርዶሽ ሲመጣ ብቻ ነበር። ዕድሜውን ግርዶሽ ሲያሳድድ የኖረ ሰው እንኳ አክሊሉን ያየበት ጊዜ ተደምሮ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

• ያለ ግርዶሽ ለማየት የሞከሩ ነበሩ። አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል በ1893 ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ፣ በ1894 ደግሞ ሲሲሊ በሚገኘው የኤትና እሳተ ገሞራ ላይ ሞክሮ አልተሳካለትም።

• ሊዮ ጥፋቱን ሰማዩ ላይ ብቻ አላላከከም፤ መሣሪያውን ጠረጠረ። ቴሌስኮፕ ውስጥ የሚገባውን የፀሐይ ብርሃን የሚበታትኑት የሌንሱ ጭረት፣ በመስተዋቱ ውስጥ የቀረች የአየር አረፋና በላዩ ያረፈ አቧራ መሆናቸውን ለይቶ አወቀ።

• መፍትሔው ኮሮናግራፍ የተባለው መሣሪያ ሆነ። እጅግ ንጹሕ የሆነ አንድ ሌንስ የፀሐይን ምስል በትንሽ ክብ ብረት ላይ ያሳርፋል፤ ብረቱ የፀሐይን ገጽ ይጋርዳል፤ ሰው ሠራሽ ግርዶሽ ማለት ነው። በዙሪያው የተረፈው ብርሃን አልፎ ወደ ፊልሙ ይሄዳል።

• ይህ ብቻ ግን አይበቃም። ብርሃን በሌንሱ ጠርዝ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ሊዮ ያን የጠርዝ ብርሃን ከኋላ በተተከለ ቀዳዳ ቆርጦ አስቀረው። ይህ ቀዳዳ ዛሬም «የሊዮ ማገጃ» እየተባለ በዓለም ትላልቅ ቴሌስኮፖች ውስጥ ይገኛል።

• የቴሌስኮፑን ቱቦ ውስጡን ቅባት ይቀባው እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የሚንሳፈፈው አቧራ ሌንሱ ላይ ከማረፉ በፊት ቅባቱ ላይ ተጣብቆ እንዲቀር ነው።

• መሣሪያውን የተከለው በፒሬኔ ተራሮች፣ 2,877 ሜትር ከፍታ ባለው በፒክ ዱ ሚዲ ጫፍ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ አቧራውም ይቀንሳል። በክረምት መንገዱ በበረዶ ስለሚዘጋ ሽቅብ የሚወጣው በበረዶ መንሸራተቻ ነበር።

• በ1930 ተሳካለት። በ1931 ደግሞ ያለ ግርዶሽ የፀሐይን አክሊል ፎቶ አነሣ። ሰው ለዚህ ሲል ጨረቃን መጠበቁ ያን ጊዜ ቀረ።

• በ1930ዎቹ ማብቂያ ከፀሐይ ጠርዝ የሚፈናጠሩትን የእሳት ልሳኖች በተንቀሳቃሽ ፊልም ቀረጸ። ምስሎቹ በፍጥነት ሲታዩ ሊቃውንቱ በሥዕል የሚያውቁት ነበልባል ሲወጣ፣ ሲጎብጥና ተመልሶ ሲወርድ ተመለከቱ።

• ሁለተኛው ዝነኛ ፈጠራው የሊዮ ማጣሪያ ነው። የማዕድን ገበታዎች በተርታ ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ገበታ ከቀዳሚው እጥፍ ይወፍራል። ብርሃኑ በዚህ ውስጥ ሲያልፍ ከቀለማት ሁሉ አንዲት ቀጭን ቀለም ብቻ ትቀራለች፤ ለምሳሌ 656.3 ናኖሜትር ያላት የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን። በስዊድን ዪንግቬ ኦማን የተባለ ሊቅ ለብቻው ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር።

• የማጣሪያው ብልሃት ዛሬ በሌዘር መሣሪያዎች ውስጥም የሚፈለገውን ቀለም ለመምረጥ ያገለግላል።

ከገጹ ይልቅ የሚግለው አክሊል

• የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከገጹ በላይ ያለው አክሊል ግን ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ ያልፋል። ከእሳቱ የራቀው ከእሳቱ ይልቅ ይግላል!

• ነገሩ መጀመሪያ የተጠረጠረው በአረንጓዴ ብርሃን ነው። በ1869 ግርዶሽ ወቅት ከአክሊሉ ውስጥ 530.3 ናኖሜትር ላይ የምትገኝ አረንጓዴ መስመር ታየች። ከየትኛውም የታወቀ ንጥረ ነገር ጋር ስላልገጠመች፣ ምድር ላይ የሌለ «ኮሮኒየም» የተባለ አዲስ ንጥረ ነገር ነው ተባለ።

• ኮሮኒየም የሚባል ነገር አልነበረም። ጀርመናዊው ዋልተር ግሮትሪያን በ1939 መንገዱን ከፈተ፤ ስዊድናዊው ቤንግት ኤድሌን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ጨረሰው። መስመሯ የተራ ብረት ናት፤ ነገር ግን 26 ኤሌክትሮን ከነበረው 13ቱን ያጣ ብረት። ብረትን እንዲህ ሊያራቁት የሚችለው የሚሊዮን ዲግሪ ሙቀት ነው።

• የሊዮ ልኬቶች ለዚህ ድጋፍ ሆኑ። የአረንጓዴዋ መስመር ውፍረት እሱ በለካው መጠን ሰፊ የሆነው፣ አተሞቹ በታላቅ ፍጥነት ስለሚራወጡ ነው፤ ፍጥነቱም ሙቀቱን ይናገራል።

• ሊዮ በዓይን በማይታየው የታሕተ ቀይ ክልልም የአክሊሉን መስመሮች አግኝቷል፤ አንዷ 1,074.7 ናኖሜትር ላይ ትገኛለች። ሃዋይ የሚገኘው ባለ 4 ሜትር የዳንኤል ኢኖዬ የፀሐይ ቴሌስኮፕ የአክሊሉን መግነጢሳዊ ኃይል ሲለካ የሚጠቀመው በዚህችው መስመር ነው።

• አክሊሉን እንዲህ ያጋለው ምን እንደሆነ ሙሉ መልስ እስካሁን አልተገኘም። ፓርከር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ የቀረበችው ይህንኑ ለመመርመር ነው።

ጦርነትና የፀሐይ አክሊል

• በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኮሮናግራፍ ምልከታ የወታደር ምስጢር ነበር። የፀሐይ ሁከት የአጭር ሞገድ ራዲዮን ስለሚያውክ፣ አዛዦች ነገ ራዲዮናቸው መሥራት አለመሥራቱን ቀድመው ማወቅ ፈለጉ።

• አሜሪካ በኮሎራዶ ክላይማክስ በሚባል ከፍተኛ ስፍራ በ1940 ኮሮናግራፍ አቋቁማ ነበር። መሣሪያውን የሚጠብቀው ወጣት ዋልተር ኦር ሮበርትስ ይባላል። እሱ የመሠረተው ሃይ አልቲቲዩድ ኦብዘርቫቶሪ በ1952 ወደ ካርቱም ቡድን ከላኩት አንዱ ሆነ።

ኮሮናግራፍ እያለው ካርቱም ለምን መጣ?

• ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከግርዶሽ ነፃ ያወጣው መሣሪያ ባለቤት ከሦስት ደቂቃ እምብዛም ለማታልፍ ጨለማ አገር አቋርጦ ይመጣል?

• መልሱ ሰማዩ ውስጥ ነው። ኮሮናግራፍ በመሣሪያው ውስጥ የሚበተነውን ብርሃን እንጂ ከመሣሪያው ፊት ለፊት ያለው አየር የሚበትነውን አይከላከልም። ተራራ ጫፍ ላይም ቢሆን ሰማዩ ከውጨኛው አክሊል ይደምቃል። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ግን ጨረቃ ከአየሩ ውጭ ሆና ስለምትጋርድ አየሩ ራሱ ይጨልማል።

• ስለዚህ ኮሮናግራፍ የውስጠኛውን አክሊል በየቀኑ ያሳያል፤ ግርዶሽ የውጨኛውን አልፎ አልፎ ያሳያል። ሊዮ ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ መሣሪያውን የሠራው ራሱ ነውና።

• ቦታዎቹም ይለያያሉ፦ ፒክ ዱ ሚዲ 2,877 ሜትር፣ ካርቱም 380 ሜትር ያህል። አቧራን ሽሽት ተራራ የወጣው ሰው ወደ በረሃ ዳርቻ ወረደ ማለት ነው።

በሦስት ደቂቃ ምን ምን ተለካ?

• የኮሎራዶው ቡድን ያነጣጠረው በፀሐይ ገጽና በአክሊሉ መካከል ባለው ቀይ ሽፋን ላይ ነበር። ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ ስትሸፍን ያ ሽፋን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ብልጭ ይላል። በካርቱም የተቀረጸው የሃይድሮጅን ብርሃን ትንተና በ1954 ታትሞ፣ ስለ ሽፋኑ ሙቀትና ጥግግት ከተጻፉት መሠረታዊ ጥናቶች አንዱ ሆነ።

• የካምብሪጁ ሮደሪክ ሬድማን በዚያው ግርዶሽ ባነሣው ስፔክትረም፣ ጃፓናዊው ሱኤሞቶ ተጨምሮበት፣ የሽፋኑ ጋዝ እንዴት እንደሚናወጥ በ1954 አሳተሙ።

• ከካምብሪጅ ሐራልድ ፎን ክሉበር የአክሊሉን ድምቀትና የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ከካርቱም ፎቶዎች ቆጥሮ ያሳተመው በ1958 ነው። የሦስት ደቂቃ ምልከታ ስድስት ዓመት ሥራ ወለደ!

• ፈረንሳውያኑ ግርዶሹን በራዲዮም ተከታትለዋል። በረጃጅም የራዲዮ ሞገዶች የሚመጣው ምልክት ከአክሊሉ ስለሚነሣ፣ «የራዲዮ ፀሐይ» ከምናያት ትሰፋለች። ጨረቃ የምናያትን ሙሉ በሙሉ ስትጋርድ የራዲዮዋ ጠርዝ ይተርፋል።

• የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪም ካርቱም ላይ ቡድን ነበረው።

• በ1952 ፀሐይ ወደ ጸጥታ ዘመኗ እየተቃረበች ነበር፤ የዑደቷ ዝቅተኛ ነጥብ 1954 ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አክሊሉ ክብ አይሆንም፤ በወገብ በኩል ረዣዥም ክንፍ ያወጣል፤ በዋልታዎቹ ደግሞ አጫጭር ጨረሮች ይታያሉ።

አንስታይን ካርቱም ላይ ሲፈተን

• ካርቱም የአንስታይንን ትምህርት የፈተነች ከተማ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? በአንስታይን ስሌት የኮከብ ብርሃን በፀሐይ ጠርዝ ሲያልፍ 1.75 አርክ ሴኮንድ ይታጠፋል። ፀሐይ ካልተጋረደች ደግሞ በአጠገቧ ያለ ኮከብ አይታይም።

• 1.75 አርክ ሴኮንድ ምን ያህል ነው? ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳንቲም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲታይ የሚኖረውን ስፋት ያህል።

• ፈተናውን ያካሄደው ቤልጅየም የተወለደው አሜሪካዊ ጆርጅ ቫን ቢስብሩክ ነው። በጡረታ ከተሰናበተ ሰባት ዓመት አልፎት፣ ዕድሜውም 72 ሆኖ ነበር።

• አንድ ጉዞ አይበቃውም። በየካቲት ፀሐይ አጠገብ የታዩት ከዋክብት ፀሐይ በሌለችበት ሌሊት እንዴት እንደሚቆሙ ለማወቅ ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ያንኑ የሰማይ ክፍል ዳግመኛ ማንሣት ነበረበት። የሁለቱ ፎቶዎች ልዩነት ነው መልሱ።

• ውጤቱ 1.70 አርክ ሴኮንድ ሆነ፤ የስሕተቱ ህዳግም 0.10። አንስታይን አለፈ። ያው ሰው በ1947 ብራዚል ላይ ያገኘው 2.01 ሲሆን ህዳጉ 0.27 ነበር፤ ካርቱም ይበልጥ ጥርት ያለ መልስ ሰጠችው።

• አንስታይን ያኔ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ1955 ነው።

• ቫን ቢስብሩክ ከዚያም በኋላ ሥራ አላቆመም። በ1974፣ በ94 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከዋክብትን ሲለካ ኖረ።

የመልሱ መንገድ

• በርናር ሊዮ ፓሪስ አልተመለሰም። ግርዶሹ ባለፈ በ37ኛው ቀን፣ መጋቢት 24 ቀን 1944 ዓ.ም. (ኤፕሪል 2 ቀን 1952)፣ ግብፅ ውስጥ ከካይሮ ብዙም ሳይርቅ በባቡር ላይ ሳለ በልብ ድካም አረፈ። 55 ዓመቱ ነበር።

• በዚያ ዘመን ከካርቱም ወደ ካይሮ በምድር የሚሄድ መንገደኛ እስከ ዋዲ ሃልፋ በባቡር፣ ከዚያ እስከ አስዋን አካባቢ በአባይ ላይ በእንፋሎት መርከብ፣ ቀጥሎ ደግሞ በግብፅ ባቡር ነበር የሚጓዘው።

• ከዋዲ ሃልፋ ተነሥቶ በረሃውን የሚያቋርጠው የሱዳን ሐዲድ አቡ ሐመድ የደረሰው በ1897፣ ሊዮ በተወለደበት ዓመት ነው። ያኔ የተዘረጋው ለጦር ሠራዊት ማጓጓዣ ነበር።

• በዚያው ሐዲድ ላይ ያለች ጣቢያ የሰማይ ታሪክ ሠርታለች! ኦክቶበር 7 ቀን 2008 ኑቢያ በረሃ ላይ ስፋቱ 4 ሜትር ገደማ የሆነ የጠፈር ዐለት ፈነዳ። ከመድረሱ 20 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አሪዞና ላይ ታይቶ ነበር፤ ምድርን ከመምታቱ በፊት በሰማይ ተለይቶ የታወቀ የመጀመሪያው ዐለት ነው።

• ስብርባሪውን ፍለጋ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ሙዓውያ ሻዳድ ከጠፈር ዐለት አጥኚው ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር ተማሪዎችን አሰልፎ ወጣ። ተማሪዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው በረሃውን በእግር አሰሱት። በተከታታይ ዘመቻዎች ከ600 በላይ ቁርጥራጭ ተሰበሰበ። ስያሜያቸውም አልማሐታ ሲታ፣ በቅርብ ባለችው የባቡር ጣቢያ ቁጥር 6 ስም።

• ከስብርባሪዎቹ ውስጥ ደቃቅ አልማዞች ተገኝተዋል። በ2018 የታተመ ጥናት አልማዞቹ የተፈጠሩት ዛሬ በሌለ፣ ተሰባብሮ በጠፋ የጥንት ፕላኔት ሆድ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ብሏል።

ሊዮ ካለፈ በኋላ

• ኮሮናግራፍ ከአየር በላይ ሲወጣ የሰማዩ ብርሃን ጣጣ ያበቃል። በዲሴምበር 14 ቀን 1971 ኦኤስኦ 7 የተባለችው ሳተላይት ከፀሐይ ተገንጥሎ ወደ ጠፈር የሚወረወር የአክሊል ጋዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረጸች።

• እንዲህ ያለው ጋዝ ወደ ምድር ሲመጣ ጉዳት አለው። በማርች 13 ቀን 1989 የካናዳዋ ኬቤክ የኤሌክትሪክ መረብ በዚህ ሳቢያ ወድቆ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለ9 ሰዓት መብራት አጡ።

• በ1995 የተመነጠቀችው ሶሆ የተባለች የፀሐይ መንኮራኩር ኮሮናግራፏ ጅራታም ከዋክብትንም እግረ መንገዱን ያገኛል፤ በማርች 2024 ቁጥሩ 5,000 ደረሰ። አብዛኞቹ ምስሉን በየቤታቸው ሆነው የሚመረምሩ በጎ ፈቃደኞች ያገኟቸው ናቸው።

• በዲሴምበር 5 ቀን 2024 ከህንድ የተነሡት የአውሮፓ ጥንድ መንኮራኩሮች ፕሮባ 3 ይባላሉ። አንደኛዋ 1.4 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ፀሐይን ትጋርዳለች፤ ሁለተኛዋ 150 ሜትር ያህል ርቃ ከጥላው ውስጥ ታያለች። አንድ ግርዶሻቸው እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፤ ካርቱም 3 ደቂቃ መሆኑን አይርሱ!

• በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ያሉ ዓለማትን ፎቶ ለማንሣትም የሊዮ ብልሃት ይሠራል፤ ኮከቡ ሲጋረድ በአጠገቡ ያለው ደብዛዛ ነገር ይወጣል። በ1984 ቤታ ፒክቶሪስ በተባለው ኮከብ ዙሪያ የአቧራ ሰሐን የታየው በኮሮናግራፍ ነው። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም ኮሮናግራፎች ተሸክሟል።

• ስሙ የት የት አለ? በፒክ ዱ ሚዲ ባለው ባለ 2 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ በጨረቃና በማርስ ጉድጓዶች፣ እንዲሁም 2452 ቁጥር ባለው አስትሮይድ ላይ።

ግርዶሽና የእኛ ሰማይ

• ግርዶሾች ዘር ይቆጥራሉ። ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ ተመሳሳይ ግርዶሽ ይመለሳል፤ 8ቷ ሰዓት ግን የዓለምን አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ምዕራብ ትገፋዋለች።

• የካርቱሙ ግርዶሽ በ1970 በሜክሲኮና በአሜሪካ፣ በ1988 በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ፣ በ2006 ከጋና እስከ ቱርክ፣ በኤፕሪል 8 ቀን 2024 ዳግም በሜክሲኮ፣ በአሜሪካና በካናዳ ታይቷል። ጨለማው በየዙሩ እየረዘመ ነው፦ 3 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ የነበረው በ2024 ወደ 4 ደቂቃ ከ28 ደርሷል።

• የዚህ ዘር ቁንጮ ጁላይ 16 ቀን 2186 ይመጣል፤ 7 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ረጅሙ ነው።

• ግርዶሽን በጉልበት ያራዘሙም አሉ። ጁን 30 ቀን 1973 ኮንኮርድ አውሮፕላን ሳይንቲስቶችን ጭኖ ከላስ ፓልማስ ወደ ቻድ እየበረረ የጨረቃን ጥላ ተከተለ። ለ74 ደቂቃ ከጨለማው አልወጡም።

• ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው ግርዶሽ ቀለበታዊ ነበር። ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ስላልሸፈነችና የቀረው ቀለበት ደማቅ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን አክሊሉን ማየት አይቻልም ነበር።

• የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሊዮ አክሊሉን ካየበት ከፒክ ዱ ሚዲ ይበልጣል። ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖቹ ግን ለከዋክብት ናቸው።

• አዲስ አበባ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በቅርቧ የሚያልፍ ከተማ ናት። በዚህ መስመር ላይ የፀሐይ ጨረር በላይኛው አየር ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል። በ1957 በተጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው ይህን ለመለካት ጭምር ነው፤ መሪው ካናዳዊው ቄስ ፒየር ጉዌን ነበሩ።

• ለአካባቢያችን ቀጣዩ ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦገስት 2 ቀን 2027) ነው። ጥላው በስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅና በሱዳን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ አልፎ ወደ ሳዑዲ፣ የመንና ሶማሊያ ይሻገራል። ረጅሙ ጨለማ ሉክሶር አቅራቢያ 6 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ይሆናል።

• ይህ ግርዶሽ በ1919 አርተር ኤዲንግተን አንስታይንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተነበት፣ በ1973 ደግሞ ኮንኮርድ ካሳደደው ግርዶሽ ጋር የአንድ ዘር ነው።

• ኢትዮጵያ በዕለቱ የምታየው ከፊሉን ነው። ስለዚህ ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራው መነጽር ከዓይን ለአፍታም አይወልቅም፤ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ የጠቆረ ብርጭቆም ሆነ የራጅ ፊልም አይተካውም። ጂዳና መካ ያሉ ወገኖቻችን ግን በሙሉው ጥላ ውስጥ ይሆናሉ። ጨለማው ሙሉ እስከሆነ ድረስ መነጽራቸውን አውልቀው ሊዮ ካርቱም ድረስ የመጣለትን አክሊል በባዶ ዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ፤ ጂዳ ላይ ጊዜው 6 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከካርቱሙ እጥፍ ያህል።